ደባል

ስሙ በረሮ ነው፤ ግን በሮ አያውቅም፣
ክንፍ አልበቀለበት፣ ቢገፉት አይርቅም።
ቀይ ቡኒ ነው መልኩ፣ እንደ ቆየ ኮርቻ፣
በመስታወት ሣጥን የሚኖር ለብቻ።

አቶ ምንይችል ነው፣ ጡረታ ሲወጣ፣
ካራት ኪሎ ቤተ ሙከራ በላዳ ጭኖት የመጣ።
"ባገሩም ብርቅ ነው፤ እዚህማ ብቻውን፣
አንተ ታውቅበታለህ ጥቃቅን ማየቱን።"
እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣
አርባ ዓመት ግራ ዓይኔ ላይ የኖረ መነጽር።

"ስንት ዓመት ይኖራል?" አልኩት።
"አሥር፣ ከተመቸው።"
አሥር! እኔ ሰባ ሁለት ሞልቶኛል፤
ማን ማንን ይቀብራል?

"ምን ይበላል?"
"ደረቅ ቅጠል። የባህር ዛፍ ብቻ።"
ያኔ ነው የገባኝ።
ባህር ተሻግሮ መጥቶ፣ ስሙን ራሱን ባህር ብለን፣
ማገር አድርገን፣ ማገዶ አድርገን፣ አጥር አድርገን
ስንት ዘመን የኖርንበት ዛፍ
ለካ ያገሩ ልጅ ነው፤
ቀድሞት መጥቶ፣ ገበታ ዘርግቶ፣ ሲጠብቀው።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጃንሜዳ አጥር ሥር፣
ፌስታሌን ይዤ ቅጠል እለቅማለሁ።
ያየኝ ሁሉ "ጉንፋን ይዞት ነው፣ ሊታጠን" ይላል፤
እኔም አላርመውም።
አስላለሁ።

ማታ ግድግዳው ላይ ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ሲሉ
እሱ ካፈሩ ሥር፣ ቆርጠም፣
ደግሞ ቆይቶ፣ ቆርጠም።
ከሁሉም አንዱ እሱ ነው
ልክ አስገባልኝ ተብዬ ያልተሰጠኝ።

ወይዘሮ እታገኝ፣ አከራዬ፣ ያየችው ቀን
እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች፤
"አንተን ነው ያከራየሁ፤ ደባል መች ፈቀድኩ?
እኔ በየወሩ ለፍሊት እከፍላለሁ፣
አንተ ታሳድጋለህ?"
እውነቷን ነው። ግን እነዚያ ቀጫጭኖቹ፣ የጓዳ ወንበዴዎች፣
ስም ተጋሩት እንጂ ዘር አይቆጥሩም፤
ይሄኛው ስኳር አይነካ፣ ሙዳይ አይከፍት፣
ብላት፣ ብላት፣
"በረሮ በረሮ ነው" አለች።

ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ማታ፣
ግቢው በሙሉ ፍሊት ሊነፋ ተወሰነ።
ሣጥኑን ካፖርቴ ሥር ሸሽጌ ወጣሁ።
ዝናብ ነው። አዲሱ አስፋልት መብራት ጠጥቶ ያብረቀርቃል፤
የዱሮ ጎረቤቶቼ ሳሎን በነበረበት
ሣር ተተክሏል፣ "አትርገጡ" የሚል ጽሑፍ ያለው።
ሳልረግጥ ዞርኩ።

ከቆርቆሮው አጥር ጋ ዘበኛው ባትሪ አበራብኝ፤
"ምንድነው የደበቅከው?"
ውሸት ፈለግኩ፤ በዚያ ሰዓት አልተገኘም።
"በረሮ" አልኩት።
አየኝ። ሣጥኑን አየ። እንደገና እኔን።
ከዚያ ምሳ ዕቃውን ካግዳሚው ላይ አንስቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤
"እኔም ልጅ ሆኜ ጃርት ነበረኝ" አለ።
እስኪነጋ ስለ ጃርቱ አወራኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲያ ዘጠኝ ቀን ጠፋ።
ካፈር አልወጣ፣ ቅጠሉም አልጎደለ።
ሽታው ደርሶበት ይሆን፣ ባንዱ የካፖርቴ ቀዳዳ?
መነጽሬን ሰክቼ፣ መስታወቱ ላይ ተደፍቼ፣
የሰው ሰዓት ሁሉ ሳይሠራ ውሎ አደረ።
ለአቶ ምንይችል ደወልኩ፤ አላነሳም።
ባያነሳም ደስ አለኝ።

በአሥረኛው ቀን ወይዘሮ እታገኝ
ኪራይ ልትቀበል መጥታ ደፍ ላይ ቆመች።
"ዝም በል" አለችኝ፣ ምንም ሳልናገር።
ጆሮዋን አዘነበለች።
ሃያ ሦስት ሰዓት ይቆጥራል፣ እያንዳንዱ በየልቡ፣
ከሁሉም ሥር፣ ከምድር ቤት እንደሚመጣ፣
ቆርጠም።

"ይኸ ነው?"
"ይኸ ነው።"

ብሩን ሁለቴ ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ሻጠች፤
ደጅ ደርሳ፣ ዞር እንኳ ሳትል፣
"ከመስከረም ጀምሮ" አለች፣
"የምትከፍለው የሁለት ነው።"